የቋሚ ሰው ጡሩምባ

በሰኔ 2068 ዓ.ም.፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ እንድሪስ ይማም የጦሳን ዳገት በሶምሶማ ይወጣ ነበር። ልቡ በደቂቃ አንድ መቶ ሠላሳ አምስት ጊዜ ይመታል፤ ደረጃው «ብርቱ» ነው። መዝገቡ እንዲህ ይላል። እንድሪስ ራሱ ግን በዚያው ሰዓት ገደል ጫፍ ሰፈር፣ ቤቱ ውስጥ፣ አልጋው ላይ በአራት ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። እግሩ ስላበጠ ጫማው እምቢ ብሎት ሚስቱን ጦይባን ይጠራል፤ እሱንም ሁለት ቃል ተናግሮ፣ አየር ስቦ፣ ሦስተኛውን እየጨመረ ነው።

ዳገቱን የሚወጣው ቆጣሪው ብቻ ነበር፣ በሌላ ሰው እጅ ላይ ታስሮ።

የልብ ቆጣሪ በደሴ ሰው ሁሉ አንጓ ላይ ከታሰረ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ሕጉ አጭር ነው። በሳምንት መቶ ሃምሳ ደቂቃ ልቡን «መካከለኛ» ወይም «ብርቱ» ደረጃ ላይ ያቆየ ሰው አንደኛ ሰልፍ ይገባል፤ ቢታመም በሦስት ቀን ውስጥ ሐኪም ያየዋል። ያላሟላ ሁለተኛ ሰልፍ ነው። ስድስት ወር ሙሉ ያላሟላ ሦስተኛ ሰልፍ ይወርዳል፤ እዚያ አሥራ አንድ ወር ይጠበቃል። ብዙው ሰው አይጠብቅም፣ ይሞታል። «ልቡን ያልጠበቀ፣ ጠብቁልኝ አይበል» ይላል በየታክሲ ማቆሚያው የተለጠፈው ጽሑፍ። የታመመ ልብ ግን ዳገት አይወጣም፣ ዳገት ያልወጣ ደግሞ አይታከምም። ይህን ሕግ የጻፈው ሰው በዕድሜው ራሱን እንኳ አሞት አያውቅም ብላ ጦይባ ትምላለች።

እንድሪስ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ድንጋይ ተሸክሟል። ከድንጋይ ካባው እስከ መንገዱ፣ ከመንገዱ እስከ ፎቁ። ቆጣሪው ያንን እንደ እንቅስቃሴ አልቆጠረለትም። «የሥራ ጫና» የሚባል ለብቻው ዓምድ አለው፤ ለልብ አይጠቅምም ተብሎ እዚያ ይጣላል። አንደኛ ሰልፍ ላይ ያሉት ቀኑን ወንበር ላይ ውለው ሲመሽ ሜዳ ላይ የሚሮጡት ናቸው። እሱ የሠራላቸው ፎቅ ውስጥ ተቀምጠው ማለት ነው። ልቡ ደግሞ ድሮም ጉዳት ነበረባት፤ በልጅነቱ ጉሮሮው ታሞ ሳይታከም ቀርቶ የልቡን በር ነክቶታል። ዕድሜው ስልሳን ሲያልፍ ሸክሙም ዳገቱም ቆመ፣ ደቂቃውም ቆመ።

ያኔ ነው የሰፈሩ እድር፣ ቅሬው፣ የገባበት።

ገደል ጫፍ አርባ ሦስት አባወራ ያለበት ቅሬ አለው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ነው። ሰው ሲሞት ጡሩምባ ሦስት ጊዜ ይነፋል፣ ከየቤቱ ሰው ይወጣል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ሬሳ በትከሻ ይሸኛል። የቀረ ይቀጣል። ጦይባ የቅሬው ንብረት ያዥ ናት፤ ድንኳኑ፣ ድስቶቹ፣ ሳህኖቹ፣ ቃሬዛውና ጡሩምባው በእሷ ቤት ነው ያሉት። እንድሪስ ሁለተኛ ሰልፍ መውረዱ በተሰማ ሳምንት የቅሬው ዳኛ ደምሌ፣ ሃምሳ ያለፈው ጠንካራ ግንበኛ፣ በራፏ ድረስ መጥቶ፣ «ለእርሻ ወንፈል እንገባ የለም ወይ? ለልብም እንግባ» አለ። ቆጣሪው በተራ ከቤት ቤት ዞረ። የጌጤ ሳምንት፣ የደምሌ ሳምንት፣ የመምህሩ ሳምንት እየተባለ ሁለት ዓመት ሞላ። ጦይባ ተራውን በደብተር ትጽፍ ነበር። አሳቡን ወዳው ነበር፣ እንዲያውም ኮርታበት ነበር። አሁን ያንን ኩራቷን ስታስታውስ ራሷን በጥፊ መምታት ያምራታል።

ማክሰኞ ዕለት ደምሌ ከጦሳ ወርዶ ቆጣሪውን ለባለቤቱ መለሰ፤ ጦይባም በባሏ አንጓ ላይ አስራ፣ በነጠላ ጫማ በባጃጅ ጭና ወደ ልብ ጣቢያው ወሰደችው።

ጣቢያው ንጹሕ ነው፤ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። መግቢያው ላይ በመስታወት ሣጥን ውስጥ አንድ ጥቁር የደረት ማድመጫ ተሰቅሏል፣ ድሮ ሐኪሞች በዚህ ይሠሩ ነበር ከሚል ጽሑፍ ጋር። ተማሪ ልጆች ሲመጡ ይጎበኙታል። ባንኮኒው ጀርባ የተቀመጠችው ሲስተር ትንቢት ሃያ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ፊቷ የዋህ፣ አነጋገሯ ትሑት።

«አባቴ እንኳን ደስ አለዎት» አለች ስክሪኑን እያየች። «በከተማው ካሉት ከስልሳ ዓመት በላይ ሰዎች ሦስተኛ ነዎት።»

እንድሪስ አየር እየፈለገ ነበር።

«ሲስተር፣ እግሩን እዪው» አለች ጦይባ። «ጋደም ማለት ካቆመ ሦስት ሳምንቱ ነው። ተቀምጦ ነው የሚያድረው።»

«አየሁ እናቴ። አሁን ልባቸው አንድ መቶ አሥራ ስምንት ነው። ዛሬ ጠዋት ግን ጦሳ ላይ ነበሩ፣ ብርቱ ደረጃ፣ አርባ ደቂቃ። ድካሙም ትንፋሹም ከዚያ ነው። እግር ማበጥም ለሚሮጥ ሰው ያለ ነው፤ ሰፋ ያለ ጫማ ይግዙላቸው።»

«አልሮጠም» ልትል አፏ ተከፈተ። ከሲስተሯ ራስ በላይ ሌላ ጽሑፍ ተለጥፏል፤ ቆጣሪ ያዋሰም የተዋሰም ለሦስት ዓመት ሦስተኛ ሰልፍ ይላል። አርባ ሦስት ቤት በዓይኗ ዞረ። ጌጤ ስኳር አለባት። የመምህሩ ሚስት እርጉዝ ናት። አፏን ዘጋች።

«ልጄ» አለች በመጨረሻ፣ «አንድ ጊዜ ብቻ ጆሮሽን ደረቱ ላይ አድርጊ። ሌላ ምንም አልጠይቅሽም።»

ልጅቷ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋ አደረገች። «እናቴ፣ እኛ እንዲያ አንሠራም። ጆሮ ይሳሳታል።»

ቆጣሪው በእንድሪስ እጅ ላይ ሆኖ በደስታ ድምፁ ተናገረ፦ «እንድሪስ፣ ጥሩ ዕረፍት እያደረጉ ነው። የሳምንቱን ደቂቃ አሟልተዋል። ጎበዝ!» ከኋላ የተሰለፉት ሰዎች ፈገግ ብለው አዩት። ጦይባ በዚያች ሰዓት ያን ዕቃ ከእጁ ቦጭቃ ልትውጠው ትችል ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እነሱ ግን ደብቀው ብቻ አልተውትም፣ በላዩ ጤና ጽፈውበታል።

እሮብ ከሰዓት በኋላ ደምሌን ሥራ ቦታው ሄዳ አገኘችው፤ የአጥር ድንጋይ እየጠረበ ነበር። ቆጣሪውን ከጣቢያ መልስ ተረክቦ እጁ ላይ አስሮታል፤ ሳምንቱ ገና የእሱ ነው። መዶሻውን አስቀመጠና ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ።

«አያ ደምሌ፣ እውነቱን ልናገር ነው» አለች።

«ምን ብለሽ?»

«ቆጣሪው የእሱ አይደለም፣ የሰፈሩ ነው ብዬ።»

ደምሌ መዳፉ ላይ ያለውን የድንጋይ አቧራ አራገፈ። «ጦይባ፣ አርባ ሦስት ቤት ነው። ስንቱ ውስጥ በሽተኛ እንዳለ ከኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። አንድ ሰው ለማዳን ብለን...»

«አሳቡን ያመጣችሁት አንቱ ናችሁ።»

«ነኝ። ለበጎ ነበር።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እግዜር ያውቃል እንድሪስ ወንድሜ ነው። የመጣው ቢመጣ አናሳፍርሽም። ለቀብሩ ከኛ ቤት አንድ ሰው አይቀርም። ድንኳኑን ራሴ ነኝ የማስተክለው።»

ይህን ያለው ከልቡ ነው፤ ዓይኑም እንባ አቅርሯል። ጦይባን ያነደዳት ደግሞ ይኸው ደግነቱ ነው። ክፉ ሰው ቢሆን ሰድባው ትመለስ ነበር።

«ድንኳኑ የት እንዳለ ታውቃላችሁ?» አለችው። «ከአልጋው ሥር ነው። ባሌ እላዩ ላይ ተቀምጦ ነው የሚያቃስት። ሁለት ዓመት ልቡን ተሸከምንለት አላችሁ፣ የተሸከማችሁት ግን ብረቱን ነው። እሱን የምትሸከሙት መቼ ነው? ሲበርድ?»

«ጦይባ...»

«ይህ ቅሬ ሰው የሚያውቀው ሬሳ ሲሆን ብቻ ነው ማለት ነው።»

ተነሥታ ሄደች። ደምሌ ከኋላዋ ስሟን ሁለት ጊዜ ጠራ፤ አልዞረችም። መንገዱን ሙሉ የራሷ ቆጣሪ «መካከለኛ ደረጃ፣ በርቺ» እያለ ሸኛት።

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ እንድሪስ፣ «ጦይቤ፣ ውሃ ውስጥ ያለሁ መሰለኝ» አላት። ከንፈሩ ወደ ሰማያዊ ያደላ ነበር። ጦይባ የሱብሒ ሶላቷን ሰግዳ ጨረሰች፣ ዱዓዋን ግን አሳጠረችው። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። ከጓዳ ጡሩምባውን አወጣች፣ አፉን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችና ግቢው በር ላይ ቆማ ሦስት ጊዜ ነፋችው። ነፍታ አታውቅም፤ የመጀመሪያው እንደ አህያ ጩኸት ወጣ፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው ግን ጥርት ብለው ሰፈሩን አዳረሱ። አንድም ቃል አልተናገረችም። በኋላ ሲጠይቋትም፣ የዋሸው ጡሩምባው ነው ብላ ተከራክራለች።

«ምን አደረግሽ?» አለ እንድሪስ ስትመለስ።

«ገደልኩህ» አለችው። «አሁን ዝም ብለህ ተቀመጥ።»

የገደል ጫፍ ሰው መጣ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ «ወየው እንድሪስ፣ ወየው ደጉ አባት» እያሉ ዳገቱን በሩጫ ወጡ። ጌጤ ደረቷን ትመታለች። ወንዶቹ በትራቸውን ይዘው፣ ራሳቸውን ደፍተው ይከተላሉ። በየእጃቸው ያሉት ቆጣሪዎች በአንድ ድምፅ ይናገሩ ጀመር፦ ብርቱ ደረጃ፣ ጎበዝ፣ ድንቅ አጀማመር፣ በዚሁ ይቀጥሉ። ለቅሶ ለልብ መልካም እንቅስቃሴ ነው፤ ደረት መምታት በተለይ ደቂቃው ብዙ ነው። ሰዎቹ ይህን ከለመዱት ቆይተዋል፤ እያለቀሱ አይሰሙትም። ጦይባ ግን በር ላይ ቆማ እያንዳንዱን ሰማች።

ግቢው ሲሞላ የቤቱን በር ወለል አድርጋ ከፈተችው። እንድሪስ በአራት ትራሱ ተደግፎ፣ አፉን ከፍቶ፣ እያያቸው ነበር።

ጩኸቱ ተቆረጠ። ጌጤ ደረቷ ላይ ያነሣችው እጅ እንዳለ ቀረ። አንዲት ሴት «በስመ አብ» አለች፤ ሌላዋ «አዑዙ ቢላህ»። ደምሌ ከወንዶቹ መካከል ወደ ፊት ወጣ፤ ፊቱ ቀይ ሆኗል።

«በመርዶ ይቀለዳል?» አለ።

«ቀልድ አይደለም» አለች ጦይባ። ቃሬዛውን ከጓዳ እየጎተተች አምጥታ ደምሌ እግር ሥር ጣለችው። «ደንቡን ያነበባችሁልን አንቱ ናችሁ። ጡሩምባ የሰማ ሁሉ ይመጣል። መጣችሁ። ከየቤቱ ትከሻ ይመጣል። መጣ። ይህ ሰው እስከ እሑድ ይሞታል፤ እሑድ በዚሁ ቃሬዛ፣ በዚሁ ትከሻ ወደ መቃብር ትወስዱታላችሁ። መቃብሩ ከጣቢያው ይርቃል። እኔ አሳጠርኩላችሁ እንጂ ምን በደልኩ?»

እንድሪስ ከአልጋው ላይ ሆኖ ትንፋሹን ሰበሰበ። «ደምሌ» አለ፣ «ክብደቴ... ብዙ አይደለም።»

ደምሌ ጎንበስ ብሎ የቃሬዛውን አንድ ጫፍ ያዘ። ሦስት ሰዎች ተከተሉት። ትራሶቹን ከጀርባው ደርድረው ቁጭ እንዳለ አነሡት፤ ተጋድሞ መሄድ አይችልምና። አርባ ሦስቱም ቤት ግን አልመጣም። መንገዱ ወደ ጣቢያው ሲታጠፍ ከአራት ቤት የመጡ ሰዎች ጫማቸውን የሚያስሩ መስለው ወደ ኋላ ቀሩ። ጦይባ ማን ማን እንደሆነ አይታ በልቧ ያዘች።

ሲስተር ትንቢት በሩን ገና መክፈቷ ነበር። ነጠላ የዘቀዘቀ ሕዝብ ቃሬዛ ተሸክሞ ሲገባ ስታይ ተነሥታ ቆመች። «ሬሳ እዚህ አይመጣም» አለች በለሆሳስ።

«ሬሳ አይደለም፣ እንድሪስ ነው» አለች ጦይባ። «ማክሰኞ ሦስተኛ ነው ያልሽው።»

ልጅቷ ስክሪኗን አየች። ግራ ገብቷት ነበር። «እሳቸው አሁን... ብርቱ ደረጃ ላይ ናቸው ይላል። አንድ መቶ አርባ ስምንት። ዳገት እየወጡ ነው ይላል።»

በዚያው ቅጽበት ከቃሬዛው ፊት ለፊት፣ ግንባሩ በላብ ከራሰው ከደምሌ እጅ ላይ ያ የደስ ደስ ያለው ድምፅ ወጣ፦ «እንድሪስ፣ ልብዎ እንደ ወጣት ልብ እየሠራ ነው። ጎበዝ!»

ልጅቷ የደምሌን እጅ አየች፣ ከዚያ ቃሬዛው ላይ ያለውን ሰው ባዶ አንጓ አየች። ደምሌ ቃሬዛውን ቀስ ብሎ አሳረፈ፤ ቆጣሪውን ፈታና ባንኮኒው ላይ አስቀመጠው። እዚያም ሆኖ ለትንሽ ጊዜ ብልጭ ድርግም አለ።

«አሁን ጆሮሽን ደረቱ ላይ አድርጊ» አለች ጦይባ። ለመለመን አልነበረም። «መስታወት ውስጥ የሰቀላችሁትን አልጠየቅሁም። ጆሮሽን።»

ሲስተር ትንቢት ከባንኮኒው ወጥታ ወለሉ ላይ ተንበረከከች። ጆሮዋን የእንድሪስ ሸሚዝ ላይ አስጠጋች። በማሽን ካልሆነ በቀር የሰው ልብ ሰምታ አታውቅም ነበር፤ መጀመሪያ ዓይኗን ጨፈነች፣ ቆይታ ግን ገለጠችው። «ይነፍሳል» አለች። «በትክክል ያልተዘጋ በር እንዳለ ሁሉ... ንፋስ ይሰማል።» ተነሥታ ወደ ስክሪኗ ተመለሰችና ደንቡን ፈለገች።

መንገዱ አንድ ብቻ ነበር። መዝገቡ ሐሰት መሆኑ ተጽፎ ከተሰረዘ እንድሪስ መዝገብ የሌለው ሰው ይሆናል፤ መዝገብ የሌለውን፣ አዲስ የተወለደ ሕፃንም ይሁን መንገደኛ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሐኪም በእጁ የማየት ግዴታ አለበት። ለመሰረዝ ግን ቆጣሪው በማን እጅ እንደነበረ መሞላት አለበት።

«ደምሌ ብለሽ ጻፊ» አለ ዳኛው።

ጻፈች። ጌጤ ከኋላ ሰው እየገፋች መጣች፤ ከጦይባ ጋር በአንድ የተሰበረ ድስት ምክንያት ከተኳረፉ ዓመት አልፏቸዋል። «እኔንም ጻፊኝ» አለች።

«እናቴ፣ ቦታው አንድ መስመር ብቻ ነው።»

«መስመር ጨምሪ።»

መስመሩ ሠላሳ ዘጠኝ ደረሰ። በደስታ አልነበረም፤ መምህሩ ስሙን ሲናገር ሚስቱን አላያትም፣ አንድ ሽማግሌ ደግሞ ከተጻፈ በኋላ ጦይባን «አላህ ይይልሽ» ብሏት አለፈ። እውነቱን ነው አለች በልቧ።

እንድሪስ በዚያው ቀን ሆስፒታል ገባ፣ በሳምንቱ የልቡ በር ተቀየረ። ሲነቃ የመጀመሪያ ጥያቄው ለቀብሩ ማን ከልቡ እንዳለቀሰ ነበር። ጌጤ መሆኗን ጦይባ ስትነግረው ትንሽ አሰበና፣ «ድስቱን ግዥላት» አላት። አንጓው ላይ አዲስ ቆጣሪ ታስሮለታል፤ በማግስቱ ጠዋት፣ ገና ደረቱ እንደተሰፋ፣ «በዚህ ሳምንት ዜሮ ደቂቃ። ተነሥተው ይንቀሳቀሱ» አለው። ጦይባ ፈታችና በሽንት ቤቱ መስኮት ወደ ውጭ ወርውራ ተመለሰች።

የሦስተኛ ሰልፍ ደብዳቤ ለሠላሳ ዘጠኙም ቤት በአንድ ቀን ደረሰ። ቅሬው በወሩ ተሰበሰበ። ደምሌ ደብዳቤውን ጮክ ብሎ አነበበ፣ አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ወደ ሌላ ጉዳይ ገባ። ያለ ሞት ጡሩምባ የነፋች ትቀጣለች፤ ጦይባ የሦስት ለቅሶ ድስት ታጥባለች፣ ጡሩምባውም ከቤቷ ይወጣል። መንገድ ላይ የቀሩት አራት ቤቶች እንደ ቀብር ቀሪ ይቀጣሉ። ጦይባ ፍርዱ ልክ ነው አለች። ከዚያ ደምሌ ደብተሩን ገልጦ አንድ አንቀጽ አስጻፈ፦ ከዛሬ ጀምሮ ጡሩምባ ለሞተ ሦስት ጊዜ፣ ለቋሚ ሰው አንድ ጊዜ ይነፋል። አንዴ ሲነፋ ቃሬዛ ይወጣል፣ ጣቢያው ድረስ ይኬዳል፣ ጆሮ ደረት ላይ ሳያርፍ ማንም አይመለስም። የቀረ በሁለቱም እኩል ይቀጣል። ያጨበጨበ አልነበረም፤ ሰው ሁሉ ደብዳቤውን እያሰበ ነበር።

በነሐሴ አንድ ቀን ጦይባ የሁለተኛውን ለቅሶ ድስት ታጥባለች። የሞተው ከመንገድ ከቀሩት ከአራቱ ቤቶች የአንዱ አባት ነው፤ ልቡን ሲያመው አንደኛ ሰልፉን እንዳያጣ ብለው ከሰፈሩ ደብቀውት እዚያው ሰልፍ ላይ እንዳለ ሞተ። ስለዚህ ድስቱን በንዴት ነው የምትፈትገው። እጇ እስከ ክንዷ ጥቁር አመድ ሆኗል፤ አንጓዋ ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ፀሐይ ያልነካው ነጭ መስመር አለ። ሦስተኛ ሰልፍ የገባ ሰው ቢያስር ባያስር ለውጥ የለውም ብላ ቆጣሪውን ከፈታችው ወር አልፏታል።

ከታች ሰፈር ጡሩምባ ተነፋ። ሴቶቹ እጃቸውን ከሳህኑ አንሥተው ሁለተኛውን ጠበቁ። ሁለተኛው አልመጣም።

ጦይባ ድስቱን እንዳለ ጥላ፣ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ ቁልቁል ሮጠች። ልቧ እስከ ጉሮሮዋ ይመታ ነበር፤ የቆጠረው ማንም የለም።